ሁለት ስም ስለ ነበራቸው አባቶቻችን፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሚያዝያ 12



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር፣ ስለ ቀብር አፈጻጸምም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዘንድሮ ደግሞ ጥቂት ታሪክ ቢጨመርበት አይከፋም ብለን ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። ያነሣሣን ነገር ቀላል ነው። በእድራችን ነባር መዝገብ ላይ በአንዳንድ አባት ስም አጠገብ በቅንፍ ሌላ ስም ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ስም የክርስቲያን ይመስላል፣ አንዱ የሙስሊም ነው። መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጡት ወጣቶቻችን «ይኸ ስሕተት ነው ወይስ ሁለት ሰው ነው? የትኛውን እንሰርዝ?» ብለው ጠየቁን። ስሕተትም አይደለም፣ ሁለት ሰውም አይደለም፣ የሚሰረዝም የለውም። አንድ ሰው ነው። ሁለት ስም የያዘበት ምክንያት ግን ረጅም ነው፤ ወደ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስዳል።

እኛ የታሪክ ሊቅ አይደለንም። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነውም በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ነው። ይሁን እንጂ ማንበብ አልተውንም፣ ከአባቶቻችንም የሰማነው አለ። ስለዚህ ያወቅነውን ያህል እንጽፋለን።

እስልምና ወደ አገራችን የገባው በጦር አይደለም፤ በስደተኛ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መካ ላይ መከራ የበዛባቸውን ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ልከው፣ ንጉሡ ነጃሺ ተቀብለው እንዳስጠለሏቸው ትንሽ ትልቁ ስለሚያውቀው አንደግመውም። ብዙ የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጎንደር ዘመን፣ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በዚሁም መሠረት ከከተማው በታች፣ በቀሃ ወንዝ በኩል ያለው አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የእስላሞች መኖሪያ ሆነ። ቤተ እስራኤሎችም እንደዚሁ ለብቻቸው እንዲሆኑ ተደረገ። በሰሜኑ አገር ሙስሊም ባጠቃላይ ርስት አይኖረውም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ታዲያ ምን ይሠራል? ይነግዳል፣ ይሸምናል። ስለዚህ ነው በጎንደርና በዙሪያው «ነጋዴ» ሲባል ሙስሊም ማለት እስኪመስል ድረስ የሆነው። በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ አሞሌ ጨውና ቡና ይዞ ከመተማ እስከ ምጽዋ የሚመላለሰው እሱ ነበር። አገሩን በእግሩ ለክቶ የሚያውቀው ሰው «አገር የለህም» ይባል ነበር። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለውን ተረት በዕድሜ የገፋችሁ ሁሉ ሰምታችሁታል። ተረት ነው ተብሎ በሳቅ ይታለፋል። ለሚነገርበት ሰው ግን ሳቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ሜዳ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን በዚያ ሜዳ ላይ አጼ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ሊቃውንቱና መኳንንቱ ተሰብስበው ትልቅ ጉባኤ ተደርጓል። የጉባኤው የመጀመሪያ ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ለረጅም ዘመን የቆየው የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ እሱም በተዋሕዶዎች አሸናፊነት ተዘጋ። ከዚያ ቀጥሎ ነገሩ ወደ ሙስሊሙ ዞረ። ወሎ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝቡ ሙስሊም፣ ገዢዎቹም ሙስሊሞች የነበሩበት አገር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ለሹማምንቱ የሦስት ወር፣ ለተራው ሙስሊም የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶ ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። የማይነሣ ሹመቱን ያጣል። ሕዝቡም ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራና ለቄስ አሥራት እንዲከፍል ተደረገ።

ከወሎ ሁለቱ ታላላቅ ገዢዎች ተጠመቁ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው አጼ ዮሐንስ ሆኑ። ሌላው ገዢ አመዴ ሊበን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው ክርስትና አባት ደግሞ ምኒልክ ነበሩ። ሚካኤል በኋላ ራስ፣ ቀጥሎም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆነዋል። እንግዲህ የሁለት ስም ነገር ከላይ፣ ከገዢዎቹ ጀመረ ማለት ነው።

አጼ ዮሐንስ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ መጻፍ አለብን። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ጦር ይዘው መጥተውባቸዋል። ንጉሡም አገሩን አንድ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ሃይማኖት ነው ብለው አሰቡ። ይህ የድርጊቱን መነሻ ያስረዳል እንጂ ድርጊቱን ልክ አያደርገውም። ከግብፅ ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው የቃሉ ሸማኔና የየጁ ገበሬ በኬዲቩ ኀጢአት መቀጣት አልነበረበትም። የእኛ አስተያየት ይኸው ነው።

የሆነውስ ምን ሆነ? በዚያ ዘመን በአገራችን የነበሩት የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ፣ ሰዎች ከተጠመቁበት ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጡ በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄደው ጥምቀቱን በሼኾቻቸው ሲያሽሩ እንደ ነበር ጽፈዋል። አዋጁ የሰውየውን ስም ቀየረ፤ ሰውየውን ግን አላገኘውም።

የእኛ ቅድመ አያት በቃሉ በኩል ሸማኔ ነበሩ። አባታችን ከአባታቸው ሰምተው እንደ ነገሩን፣ ቅድመ አያታችን አንድ ስም ለቄሱና ለጭቃ ሹሙ፣ አንድ ስም ደግሞ ለቤት ነበራቸው። ወደ ገበያ ሲወርዱ ማተብ አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ ማታ ሲገቡ ፈትተው ከሸማ መሥሪያው እንጨት ላይ ያንጠለጥሉታል። በረመዳን ሰው ቤት እህል ከቀረበላቸው «ሆዴን አሞኛል» ይላሉ። ለሠላሳ ቀን ሆዱን የሚያመው ሰው የለም እኮ! ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም። አጠገባቸው ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነገሩን ሁሉ ያውቃሉ። ሹም ሊመጣ ነው ሲባል ልጃቸውን ልከው «ማተብህን አትርሳ በሉት» ያስብሏቸው ነበር። እኒያ ጎረቤት በጾም ቀን ሥጋ የማይቀምሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ የማይውሉ ሰው ነበሩ። እሳቸውም በሃይማኖታቸው የጸኑ፣ ቅድመ አያታችንም በሃይማኖታቸው የጸኑ፤ አንዱ ግን ሌላውን አላስያዘም።

የእድር ሰዎች ስለሆንን አንድ ነገር በተለይ እንጨምር። የቅድመ አያታችን እናት በዚያ ዘመን ሞቱ። ሌሊቱን በቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ ታጠቡ፣ ተከፈኑ፣ ሶላተል ጀናዛም ተሰገደባቸው። ሲነጋ ቄስ መጣ፣ ፍትሐት ተደረገላቸውና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀበሩ። መቃብሩን የቆፈሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ የእውነት ክርስቲያን፣ ግማሹ የስም ክርስቲያን። አስከሬኑ ሲወርድ ግን በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ ተቀመጠ። ማን እንደዚያ አድርጎ እንዳስቀመጠው አልተነገረም፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ያለም አልነበረም። አባታችን ይህን ሲነግሩን ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ እንኳ ፍርሃቱ ከድምፅ አልወጣም። (ወሎዬዎች እድርን «ቅሬ» ይሉታል። በብዙ ቦታ ቅሬው የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ከፍ ብለን የተናገርነውን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ አይቸግረውም።)

ሁሉም ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ብዙ ሼኾች ደረሶቻቸውንና ኪታቦቻቸውን ይዘው ተሰደዱ። ወደ መተማ የሄዱ አሉ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ አርሲና ወደ ጅማ የወረዱ አሉ። ጅማ ላይ በዚያው በ1870 ዓ.ም. ዳግማዊ አባ ጅፋር ነግሠው ነበርና የተማረ ሼኽ ሲመጣላቸው በደስታ ይቀበሉ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እስልምናን ከወሎ ለማጥፋት የወጣው አዋጅ የወሎን መምህራን በትኖ እስልምናን በደቡብና በምዕራብ አስፋፋው። ያወጁት ሰዎች ይህን አላሰቡትም ነበር።

በጦር የተነሡም ነበሩ። ከሁሉም ስማቸው የሚጠራው ከአርጎባ ወገን የሆኑት ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ናቸው። በ1870ዎቹ መጨረሻ በወሎ ሕዝቡን አስነሥተው ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋጉ። አመጹም በብርቱ እጅ ተመታ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። ሼኽ ጦልሐ ወደ ሱዳን ድንበር ሄደው ከማሕዲስቶቹ ጋር እስከ መገናኘት ደርሰዋል። ኋላ ግን ከምኒልክ ጋር ታረቁና በአገራቸው ኖረው በ1928 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። ከጦርነታቸው ይልቅ የቆየው ብዕራቸው ነው። በዐጀሚ፣ ማለት በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ፣ መንዙማ ጽፈዋል። በዚያም ሙስሊሙ ስለ ደረሰበት መከራ ይገኛል። ይህን ታሪክ በሰፊው ያጠኑት በ2001 ዓ.ም. ያረፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው።

ስለ መንዙማ ትንሽ መቆም አለብን፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት መንዙማን የበዓል ዜማ ብቻ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ኪታብ ያለው ጥቂት ሰው ነው፣ ዐረብኛ የሚያነብም ጥቂት ነው። ሸማኔው፣ እረኛው፣ ቡና የምታፈላው እናት ዲኑን የሚማሩት በምን ነበር? በሐድራ ተቀምጠው፣ ጫቱና ቡናው ቀርቦ፣ ድቤ እየተመታ በገዛ ቋንቋቸው በሚሰሙት መንዙማ ነበር። እንደ ጀማ ንጉሥ፣ እንደ ዳና፣ እንደ ሾንኬ ያሉ የወሎ ሐሪማዎች ትምህርት ቤትም፣ መጠለያም፣ ማልቀሻም ነበሩ። መስጊድ ቢዘጋ፣ ኪታብ ቢቃጠል፣ በአፍ የተያዘ ነገር አይቃጠልም። ሹሙ ቤት ቢፈትሽ ምን ያገኛል? ጀበና ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው «በጦር የተዋጋውና የተሰደደው እሱ ነው የጸና፣ ሁለት ስም ይዞ የቀረው ፈሪ ነው» ሲል ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። በነቢዩ ዘመን አማር ኢብን ያሲር በቁረይሾች ስቃይ ተገድዶ በምላሱ ሲናገር ልቡ በእምነቱ የረጋ ስለነበር አልተወቀሰም። ልጆች ያሉት፣ መሸሻ የሌለው፣ በቅሎም ጠመንጃም የሌለው ሸማኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየማታው ማተቡን ፈትቶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ በጨለማ መስገዱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰይፍ አንድ ቀን ይመዘዛል። ይኼኛው የየዕለት ነው።

እንዲሁም ከተጠመቁት መካከል በእውነት ክርስቲያን ሆነው የቀሩ፣ ልጆቻቸውንም በዚያው ያሳደጉ ብዙ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል በክርስትናቸው ጸንተው ነው የኖሩት። በዚህም ምክንያት በወሎ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም የሆነበት ቤት ሞልቷል። የልጁ ስም መሐመድ፣ የአባቱ ኃይሌ ቢሆን የሚገረም የለም።

ክርስቲያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ሲያነቡ «የኛስ?» ቢሉ እውነት አላቸው። በግራኝ አሕመድ ዘመን ብዙ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል። በ1880 ዓ.ም. ማሕዲስቶች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፣ ሰው ገድለዋል፣ ማርከዋል። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮች ናቸውና ሌላ አባል ቢጽፋቸው በደስታ እናነባለን። የእኛ ጽሑፍ ግን ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ሁለት ስም ነው።

አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ሲነግሡ ያ ጠንካራ አዋጅ ላላ፣ ሰውም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ቅድመ አያታችን ማተቡን የፈቱት በክፉ ቀን፣ ከብቱ ሁሉ ባለቀበት ጊዜ ነው ይባላል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እህል እንጂ የሰው አንገት የሚመለከት አልነበረም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ከሙስሊሞች ጋር በጣም ተቀራርበዋል፣ እስልምናን ተቀብለዋልም ተብለው በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። በዚያ ዓመት ሙስሊም መሆን ብቻ ሳይሆን ሙስሊም መምሰል እንኳ ዙፋን ያሳጣ ነበር።

በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በጉልበት የሚያጠምቅ አልነበረም። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ይባል ነበር፤ ጥሩ ቃል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ታውቀዋል፤ ይህም መመስገን አለበት። በሌላ በኩል የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ሙስሊሙም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባለ ይጠራ ነበር። «የሚኖሩ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ተከራይ ነው «የሚኖር» የሚባለው። ከፍ ባለ ሹመት ላይ የነበሩት ሙስሊሞችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአረፋ፣ የኢድና የመውሊድ ቀን መሥሪያ ቤትም ትምህርት ቤትም ክፍት ነበር።

እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ የሆነውን ለምሳሌ እንጥቀስ፤ ትምህርት ቤቱንም መምህሩንም አንጠራም። በአረፋ ማግስት ክፍል ስንገባ «ቀሪ» የተባልን ሙስሊም ልጆች ተነሥተን ጥቁር ሰሌዳው ሥር እንንበረከክ ነበር። አንዳንድ ወላጅ ይህን አይቶ፣ ደግሞም ነገ ሥራ ሲጠይቅ በስሙ ምክንያት እንዳይጎዳብኝ ብሎ፣ ልጁን ሲያስመዘግብ ታደሰ ወይም በቀለ ብሎ ያስመዘግባል። ቤት ሲገባ ሰይድ ነው፣ ከድር ነው። ይኸው የቃሉው ሸማኔ ማተብ በስም መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ጧት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። በዚህ ጊዜ አዋጅ እንኳ አላስፈለገም። ሰው ራሱ ፈርቶ አሰረው።

ሆኖም ሥራው አልቆመም። በ1961 ዓ.ም. ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ታተመ፤ ከደከሙበት ሊቃውንት መካከል ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ይገኛሉ። አባታችን አንዱን ቅጂ ከመርካቶ ገዝተው ሲያመጡ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር። እሳቸው አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ እኛ ነበርን የምናነብላቸው።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ መምህሩም፣ ባለ ታክሲውም፣ ወታደሩም ጥያቄውን ይዞ ተነሣ። ሙስሊሙም ተነሣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ በአዲስ አበባ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ሰልፍ ወጣ። እኛ ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርን፤ ከመንገድ ዳር ቆመን አይተናል። ያን ያህል ቆብና ያን ያህል ጥምጥም በአንድ መንገድ ላይ አይተን አናውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ በምርኩዝ፣ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሴቶችም ሳይቀሩ ወጥተዋል። ከሁሉ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የሰፈራችን ሰዎችም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ፋሲካን የፈሰኩ ሰዎች ቅዳሜ ዕለት ለእኛ አረፋ ተሰለፉ።

የቀረቡት ጥያቄዎች ዐሥራ ሦስት ነበሩ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ የሙስሊሙ በዓላት እንደ ክርስቲያኑ በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ፤ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በጀት ይኑራቸው፤ ሙስሊሙ መሬት የማግኘት መብት ይኑረው፤ በመንግሥት ሥራ፣ በውትድርናና በውጭ ጉዳይ ያለ አድልዎ ይቀጠር፤ የራሱን ጉባኤ ያቋቁም የሚሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህም ጋር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበረበት። ገንዘብ የማያስወጣ፣ መሬት የማያስቆርስ ጥያቄ ነው። ለአባታችን ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። መሬትስ ድሮም አልነበራቸው፣ ሹመትም አልተመኙ። «ተከራይ አይደለሁም» ለማለት ነበር የወጡት።

ከዚያ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት የነበረውና ያልነበረው እኩል ሆነ። በዚያው በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት በአረፋ ምክንያት የተዘጋ ዕለት፣ ጎረቤታችን የነበሩት ክርስቲያን እናት ልጆቻቸውን አጥበው፣ ነጭ አልብሰው «እንኳን አደረሳችሁ» አሰኝተው ወደ እኛ ቤት ላኳቸው። ሥጋችንን አይበሉምና እናታችን ሽሮ ሠርተው አበሏቸው። በ1968 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ። ደርግ ከዚያ በኋላ በሃይማኖት ሁሉ ላይ ፊቱን አጠቆረ፤ ሐጅ መሄድ የታደለ ሰው ዕጣ ሆነ፣ የጁምዓ ሶላት ከቀበሌ ስብሰባ ጋር እየተጋጨ ብዙ ሰው ተጨነቀ። ያን ጊዜ ግን መከራው የሙስሊም ብቻ አልነበረም፤ ቄሱም ጳጳሱም ቀምሶታል። ጠቅላይ ምክር ቤቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከተቋቋመ አርባ አራት ዓመት በኋላ።

እኛ በ1972 ዓ.ም. በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስንቀጠር ሁለት ስም ያላቸው ፋይሎች በየመደርደሪያው ነበሩ። የትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ስም፣ የደመወዝ መዝገቡ ላይ ሌላ ስም። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ «አንድ ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይባላል። ከዚያ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ምስክር ያቆማል፣ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ያወጣል፣ ውሳኔውን ይዞ ተመልሶ ይመጣል፤ በሁለቱ ስሞች መካከል «በመባልም የሚታወቀው» ተብሎ ይጻፍለታል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለምስክርነት ያመጡት አብሮ አደጋቸውን፣ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። ዳኛው «ይህ ሰው ከድር መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ቢሏቸው «በረመዳን እኩለ ቀን ላይ ውሃ አጠጣኝ ብዬው ሲያጠጣኝ እሱ ሳይጠጣ አይቼዋለሁ» ብለው መለሱ። ውሳኔው በዚያው ቀን ተሰጠ።

እንግዲህ መዝገባችንን ለምትገለብጡ ወጣቶች መልሳችን ይህ ነው፤ ሁለቱንም ስም ጻፉ፣ ቅንፉንም አትርሱ። በሚያዝያ 12ቱ ሰልፍ ላይ ከነበሩት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎቹን በእድራችን ቃሬዛ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እየተቀባበለ ተሸክሞ ሸኝቷቸዋል። የቀሩት ሦስቱ ያዩትን ሊነግሩን ፈቃደኞች ስለሆኑ፣ የጽሕፈት ችሎታ ያለው አባል እሑድ ከወርኀዊ ስብሰባችን በኋላ ደብተር ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን።